ፕላትሌቶቹ የት ሄዱ? ስለ ባክቴሪያ መርዝና ስለ ደማችን ትንንሽ ሕዋሳት

(ለጤና ተማሪዎችና ለወላጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከፊት የላቦራቶሪና የነርስ ተማሪዎች አሉ። ከኋላ ደግሞ እናቶችና አባቶችን አያለሁ። ስለዚህ የሙያውን ቃል እየፈታሁ ነው የማወራው። ያልገባችሁ ነገር ካለ እጅ አውጥታችሁ አስቁሙኝ።

ከአንዲት ወረቀት ልጀምር።

ከዓመታት በፊት ነው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የአንድ የአራት ዓመት ልጅ ደም መጣ፤ ሐምራዊ ክዳን ባላት ትንሽ ቱቦ። የታዘዘው ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሕዋሳት ቆጠራ ነው። ማሽኑ ቆጥሮ ሲጨርስ ፕላትሌት የሚለው መስመር ላይ 38,000 አለ። የጤነኛ ሰው ትንሹ ቁጥር 150,000 ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማሽኑ ነው። ሐምራዊው ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል አለ። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ይኸው ኬሚካል ፕላትሌቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ማሽኑ የተጣበቀውን ክምር እንደ ፕላትሌት አይቆጥረውም። ሰውየው ምንም ሳይሆን ቁጥሩ ወርዶ ይታያል። ስለዚህ አንድ ጠብታ ደም ስላይድ ላይ አድርጌ፣ በሌላ ስላይድ ጠርዝ ገፋ አድርጌ አሰጣሁት። አደረቅሁት፣ ቀለም ቀባሁት፣ ማይክሮስኮፕ ስር አስገባሁት። የተጣበቀ ነገር የለም። ፕላትሌቶቹ በእርግጥም ጥቂት ናቸው። ማሽኑ ልክ ነበር። ሌላም ያየሁት ነገር ነበር፤ እሱን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

ውጤቱን ልትወስድ እናቱ መስኮቱ ጋ መጣች። ወረቀቱን አየች። ቁጥሩ አጠገብ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ነበረ።

«ዶክተር፣ ይሄ ያነሰው ምንድነው?» አለችኝ።

«እኔ ላቦራቶሪ ነኝ እናት። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ሕዋሳት ናቸው። ሐኪሙ በደንብ ያስረዳዎታል።»

«ከሳምንት በፊት ተቅማጡ ላይ ትንሽ ደም አይቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልደማም። ታዲያ የት ሄዱ?»

መልስ አልነበረኝም። «ሐኪሙ ይነግርዎታል» ብዬ ደገምኩት። ያቺ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አብራኝ አለች። ዛሬ የማወራውም እሷን ነው። ባክቴሪያ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ፕላትሌት ይወርዳል። ይህን ሁላችንም ተምረናል። ወዴት ነው የሚሄደው? መልሱ አንድ አይደለም። እንደ መርዙ ይለያያል።

መጀመሪያ ፕላትሌትን እናስተዋውቅ። በአማርኛ ደም አርጊ ሕዋስ የሚሉት አሉ። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ፕላትሌት ነው የምንለው። በጣም ትንሽ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ስፋት ሲኖረው ፕላትሌት ከ2 እስከ 3 ነው። ማይክሮሜትር ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛል። ማይክሮሊትር ብዙ እንዳይመስላችሁ። ጣታችሁን መርፌ ሲወጋችሁ የምትወጣው ጠብታ ወደ 50 ማይክሮሊትር ትሆናለች። በአብዛኞቻችሁ ጠብታ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ፕላትሌት አለ ማለት ነው።

ኒውክለስ፣ ማለትም ዲኤንኤ የሚይዘው አስኳል፣ የለውም። መቅኔ ውስጥ ሜጋካርዮሳይት የሚባል ግዙፍ ሕዋስ አለ። ያ ሕዋስ ከሰውነቱ ረጃጅም ክር እየመዘዘ ወደ ደም ስር ያስገባል። ደሙ ሲያልፍ ክሩን እየበጠሰ ይወስደዋል። ብጥስጣሹ ነው ፕላትሌት የሚሆነው። ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ሲያረጅ ጣፊያና ጉበት ያነሱታል። ሰውነታችን በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን ያህል አዲስ ይሠራል።

ጁሊዮ ቢዞዜሮ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቶሪኖ ውስጥ ሆኖ የሕያው እንስሳ ደም ስር በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ ስሩ የተጎዳበት ቦታ ላይ እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ተሰብስበው ቀዳዳውን ሲደፍኑ ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የፕላትሌት ሥራ ቀዳዳ መድፈን ብቻ ነው ተብሎ ታመነ። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ፕላትሌት ሆዱ ውስጥ ትንንሽ ከረጢቶች አሉት። ከረጢቶቹ ውስጥ ደም የሚያረጋው ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያ የሚገድል ፕሮቲንም አለ። ከሽፋኑ ላይ ደግሞ የባክቴሪያን መርዝ የሚለይ ተቀባይ አለው፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ያላቸው ዓይነት። በ2017 ሙኒክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይበልጥ የሚገርም ነገር አሳዩ። ፕላትሌት ቆሞ አይጠብቅም፤ እየተሳበ ይንቀሳቀሳል። ሲንቀሳቀስ በመንገዱ ያገኘውን ባክቴሪያ እየለቀመ ወደ ራሱ ይሰበስባል። ግቢ እንደሚጠርግ ሰው ቆሻሻውን አንድ ቦታ ይከምረዋል። ከዚያ ነጭ የደም ሕዋሳት መጥተው ይረከቡታል።

እንግዲህ ባክቴሪያው ደም ውስጥ ሲገባ ቀድሞ ከሚያገኛቸው ተከላካዮች አንዱ ይህ ነው። መርዙም ዝም አይለውም።

የመጀመሪያው መርዝ የሁላችንም ጎረቤት ከሆነ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ብጉንጅ ያልወጣበት ሰው እዚህ አለ? ብጉንጅን በአብዛኛው የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ነው። አሌክሳንደር ኦግስተን የተባለ ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም መግል ውስጥ አይቶት የወይን ዘለላ ስለመሰለው ነው ስታፊሎኮከስ ያለው። ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ አፍንጫው ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ ምንም አያደርገውም። ደም ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነው።

ይህ ባክቴሪያ የሚረጨው አልፋ ቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። ታሪኩ አሳዛኝ ነው። በጥር 1928 አውስትራሊያ ውስጥ ቡንዳበርግ በምትባል ከተማ 21 ልጆች የዲፍቴሪያ መከላከያ ተወጉ። በሁለት ቀን ውስጥ 12ቱ ሞቱ። ሲጣራ መድኃኒቱ የነበረው ለብዙ ልጅ በሚቀዳበት ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ባክቴሪያ እንዳያድግ የሚከለክል ኬሚካል አልነበረበትም። ስታፊሎኮከስ ገብቶ ተራብቶበት ነበር። በምርመራው ከተሳተፉት አንዱ ማክፋርሌን በርኔት ይባላል፤ በኋላ በሌላ ሥራው በ1960 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው። እሱ ከዚያ ጠርሙስ ተነስቶ የዚህን መርዝ ጥናት ወደፊት ገፋው።

እናቶች ስላላችሁ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ልጆቹን የገደላቸው ጠርሙሱ ውስጥ የገባው ባክቴሪያ ነው፤ መከላከያው አይደለም። ዛሬ ለብዙ ልጅ የሚቀዳበት የክትባት ጠርሙስ ወይ ባክቴሪያ የሚከለክል ኬሚካል አለው፣ ወይ ከተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ይጣላል። ጤና ጣቢያ ውስጥ «ይሄኛው ጊዜው አልፏል» ብለው ግማሽ ጠርሙስ ሲጥሉ ብታዩ አትዘኑ። ልጃችሁን እየጠበቁላችሁ ነው።

ወደ መርዙ ልመለስ። አልፋ ቶክሲን ከባክቴሪያው ሲወጣ ነጠላ ፕሮቲን ነው። ብቻውን ብዙ አይጎዳም። ሕዋስ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ግን ሌሎች መሰሎቹን ይጠብቃል። ሰባት ሲሆኑ ክብ ሠርተው ይያያዛሉ። ከዚያ እግራቸውን ወደ ታች ሰድደው ሽፋኑን ይበሱታል። በ1996 ቅርጹ ቁልጭ ብሎ ሲታይ እንጉዳይ ነው የሚመስለው። ከላይ ባርኔጣ፣ ከታች ግንድ፣ በመሃል ቀዳዳ። ቀዳዳው ከአንድ እስከ ሁለት ናኖሜትር ቢሆን ነው፤ ናኖሜትር የማይክሮሜትር አንድ ሺህኛ ነው። እንደ ካልሲየም ያሉ ትንንሽ ነገሮች ግን ያልፉበታል።

ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ለፕላትሌት ካልሲየም የክተት ነጋሪት ነው። ውስጡ ካልሲየም ከበዛ «ደም ስር ተቀዷል፣ ድረሱ» ማለት ነው። ፕላትሌቱ ቅርጹን ይቀይራል፣ ከረጢቱን ያራግፋል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። የተቀደደ ነገር ግን የለም። ቁስል በሌለበት ቦታ ደም ይረጋል። በአይጥ ላይ በተደረጉ ጥናቶች እነዚህ ትንንሽ ጓሎች ጉበት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ስሮች ሲዘጉና ጉበቱን ሲጎዱ ታይቷል። አንዱ መልስ ይኸው፤ ፕላትሌቶቹ በሐሰት ጥሪ ወጥተው አለቁ።

ሁለተኛው መልስ የመጣው በ2021 ከሳን ዲዬጎ ነው። እኔ ሳነበው ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜ ነው የጨረስኩት። ፕላትሌት ሽፋኑ ላይ ሲያሊክ አሲድ የሚባል ስኳር መሰል ነገር ለብሷል። ወጣት ሲሆን ልብሱ ሙሉ ነው። ሲያረጅ ይራገፍበታል። ጉበት ላይ ያለ አንድ ተቀባይ ልብሱ የተራገፈውን እያየ ያነሳዋል። የዕለት ተዕለት ሥራው ነው። አልፋ ቶክሲን ምን አደረገ መሰላችሁ? ፕላትሌቱ ራሱ የያዘውን፣ ሲያሊክ አሲድ የሚቆርጠውን ኢንዛይም አወጣበት። ፕላትሌቱ በገዛ መቀሱ ልብሱን ቆረጠ። ትናንት የተወለደው ዛሬ ያረጀ መሰለ። ጉበትም ሥራውን ሠራ፤ ለቀመው።

ስለዚህ ፕላትሌቶቹ የት ሄዱ ቢባል አንዳንዶቹ ጉበት ውስጥ ናቸው። አልፈሰሱም፣ አልረጉም። ያለ ዕድሜያቸው ተለቀሙ። ተመራማሪዎቹ ለልብ ሕመም የሚሰጠውን ቲካግሬሎርና ለኢንፍሉዌንዛ የሚሰጠውን ኦሰልታሚቪር ለታመሙ አይጦች ሰጥተው ፕላትሌታቸው ሲተርፍና ባክቴሪያውን በተሻለ ሲያጸዱ አይተዋል። አይጥ ላይ ነው፤ ይህን አስምሩበት። ዛሬ ሆስፒታል ሄዶ «ኦሰልታሚቪር ስጡኝ» ለማለት አይደለም የምነግራችሁ። ግን «የት ሄዱ?» የሚለውን ጥያቄ በትክክል የመለሰ ሰው አዲስ መድኃኒት የሚፈልግበትን ቦታ ያውቃል።

ሦስተኛው መልስ ከሳንባ ምች ይመጣል። ኒሞኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ ታውቁታላችሁ፤ ለሕፃናት የሚሰጠው ፒሲቪ ክትባት የሚከላከለው እሱን ነው። መርዙ ኒሞላይሲን ይባላል። ይህም ሽፋን የሚበሳ ነው። ግን ከአልፋ ቶክሲን ጋር አይወዳደርም። ከ30 እስከ 50 የሚሆኑ ፕሮቲኖች ተያይዘው ነው ክቡን የሚሠሩት። የአልፋ ቶክሲን ቀዳዳ የመርፌ ቀዳዳ ቢሆን ይህኛው መስኮት ነው። ካልሲየም ብቻ አይደለም፣ ትልልቅ ፕሮቲኖችም ገብተው ይወጡበታል።

እዚህ ላይ የላቦራቶሪ ተማሪዎች ቀረብ በሉ፤ ይህ የእናንተ ነው።

ፕላትሌት ለሥራ መነሳቱን የምናውቀው ፒ ሴሌክቲን በሚባል ፕሮቲን ነው። ፕላትሌቱ ዝም ብሎ ሲዞር ፒ ሴሌክቲን ከረጢቱ ውስጥ ተደብቋል። ሲነሳሳ ወደ ላይ ይወጣል። እኛ የሚያበራ ቀለም ያለው፣ ፒ ሴሌክቲንን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን እንጨምራለን። ካበራ ተነሳስቷል እንላለን። ተመራማሪዎች ኒሞላይሲን ጨምረው ሲያዩ ፕላትሌቶቹ አበሩ። ስለዚህ «ይህ መርዝ ፕላትሌትን ያነሳሳል» ተባለ።

በ2020 ግን ጀርመን ግራይፍስቫልድ ያሉ ተመራማሪዎች ነገሩን እንደገና አዩት። ፕላትሌቶቹ ካበሩ ለምን አይጣበቁም? ለምን ሥራ አይሠሩም? መልሱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ አንቲቦዲው ራሱ በቀዳዳው ገብቷል። ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ፒ ሴሌክቲን እዚያው ውስጥ ሄዶ ነው ያገኘው። ፕላትሌቱ አልተነሳሳም። ሞቷል። በሩ ተሰብሮ እንግዳ ገብቶ ነው እንጂ ባለቤቱ ወጥቶ አልተቀበለም።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ። ያየነው ብርሃን እውነት ነበር። ትርጉሙ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ለታማሚውም ለውጥ ያመጣል። ፕላትሌት ከመጠን በላይ ተነሳስቶ ከሆነ የሚያለዝብ መድኃኒት ሊታሰብ ይችላል። ተበስቶ የሞተን ፕላትሌት ግን ምን ያለዝቡታል? ያኔ የሚፈለገው መርዙን ከመንገድ ላይ የሚይዝ ነገር ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከብዙ ለጋሾች ደም የተሰበሰበ አንቲቦዲ ቀድመው ሲጨምሩ ፕላትሌቶቹ ተረፉ። በቱቦ ውስጥ ነው፤ በሰው ላይ ገና ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «አስፕሪን ፕላትሌትን ያለዝባል። ደሙ ለተመረዘ ሰው ለምን ቀድመን አንሰጥም?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰውም አስቦታል። አውስትራሊያ ውስጥ ከ16,000 በላይ አረጋውያን ላይ ትንሽ መጠን ያለው አስፕሪን በየቀኑ ቢወሰድ በሴፕሲስ፣ ማለትም በደም መመረዝ፣ መሞትን ይቀንስ እንደሆነ ታይቷል። አልቀነሰም። ፕላትሌቱ ለወረደ ሰው ደግሞ አስፕሪን መድማትን ያብሳል። ለልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጨርሶ አይሰጥም። በተለይ እንደ ኢንፍሉዌንዛና የውሃ ፈንጣጣ (ቺክን ፖክስ) ባለ የቫይረስ ሕመም ላይ ጉበትና አንጎል የሚጎዳ አደጋ አለው።

አራተኛውን መልስ አጠር ላድርገው። አንዳንድ ባክቴሪያ መርዙን አይረጭም፤ ለብሶት ነው የሚዞረው። ኢንዶቶክሲን ይባላል። የማጅራት ገትር የሚያመጣው ሜኒንጎኮከስ እንደዚያ ነው። ፕላትሌት ይህን መርዝ ሲነካ ኒውትሮፊል ከሚባል ነጭ የደም ሕዋስ ጋር ይጣበቃል። ኒውትሮፊሉ የራሱን ዲኤንኤ እንደ መረብ ዘርግቶ ይለቀዋል። መረቡ ባክቴሪያ ይይዛል። ደም ስርም ይዘጋል። በ2007 ካናዳ ካልጋሪ ውስጥ ነው ይህ ግንኙነት የታየው። መረቡ ሲበዛ፣ ደም በየቦታው ሲረጋ፣ ፕላትሌቱ እዚያው ተይዞ ያልቃል። በአንድ በኩል ደም ይረጋል፣ በሌላ በኩል ቆዳ ስር ይደማል።

አገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘልቀው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። ስለዚህ ወላጆች ይህን ያዙልኝ። ትኩሳት ያለው ልጅ ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሩጡ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ነጠብጣቡ በቀላሉ አይታይም። መዳፉን፣ ውስጥ እግሩን፣ የዓይኑን ሽፋን ገልብጣችሁ፣ አፉን ከፍታችሁ እዩ።

ግርሻንም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በቅማል የሚተላለፈው ይህ ትኩሳት ከብዙ ዓለም ጠፍቶ እኛ ጋ የቀረ በሽታ ነው። ስላይድ ላይ ጠመዝማዛ ክር መስሎ በቀይ ሕዋሳት መሃል ሲታይ እዚህ ያላችሁ አንጋፋ ባለሙያዎች ታውቁታላችሁ። ግርሻ የያዘው ሰው ፕላትሌቱ በጣም ይወርዳል፤ ነስር ይበዛበታል። ባክቴሪያው እንደ ስታፊሎኮከስ የሚበሳ መርዝ አይረጭም። ሽፋኑ ላይ ያሉት ቅባት የተያያዘባቸው ፕሮቲኖች ናቸው ሰውነትን የሚያነዱት። የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ መርፌ ሲሰጥ ባክቴሪያው በአንዴ ይሰባበርና ታማሚው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ነርስ አጠገቡ መቆየት ያለባት።

አሁን ወደ ልጁ ስላይድ ልመለስ።

በ1897 ጃፓን ውስጥ የደም ተቅማጥ ወረርሽኝ ገብቶ ከ90,000 በላይ ሰው ታመመ። ኪዮሺ ሺጋ የተባለ ወጣት ሐኪም ባክቴሪያውን አገኘው። ሺጌላ የሚባለው ስሙን ይዞ ነው። መርዙም ሺጋ ቶክሲን ተባለ። በኋላ የአንዳንድ ኢ. ኮላይ ዓይነቶችም ይህንኑ መርዝ እንደሚሠሩ ታወቀ።

የዚህ መርዝ መንገድ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። አይበሳም። በደም ስር ውስጠኛ ሽፋን ላይ፣ በተለይ ኩላሊት ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ስሮች ላይ፣ የሚይዘው እጀታ አለ። ያንን ይዞ ይገባል። ገብቶ ሕዋሱ ፕሮቲን የሚሠራበትን ማሽን አንዲት ብሎን ይፈታበታል። ሕዋሱ ፕሮቲን መሥራት ያቆማል፤ ይሞታል። የስሩ ውስጠኛ ግድግዳ ይላጣል። አሁን ፕላትሌት ሲያልፍ እውነተኛ ቁስል ያያል። የሐሰት ጥሪ አይደለም። ስለዚህ ይለጠፋል። ሌላው ይለጠፋል። በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ስሮች ውስጥ በአንድ ጊዜ። ቀዩ ሕዋስ በዚያ በጠበበ፣ ጓል በሞላበት ስር ለማለፍ ሲታገል ይቆራረጣል።

ስላይዱ ላይ ያየሁት ሌላው ነገር ይህ ነበር። ቀይ ሕዋስ ክብ ነው፣ መሃሉ ፈዘዝ ያለ። የልጁ ግን አንዳንዱ ተቆርጧል። አንዱ የራስ ቁር ይመስላል፣ አንዱ ሦስት ማዕዘን፣ አንዱ ሁለት ቀንድ ያለው። ገንፎ በወንፊት እንደተጨመቀ። ፕላትሌቱ አንሷል፣ ቀዩ ተቆራርጧል፣ የደም ተቅማጥ ነበረው። ስልኩን አንስቼ ለሐኪሙ ደወልኩ። «ኩላሊቱን እዩት» አልኩ። ክሬቲኒኑ፣ ኩላሊት ማጣራት ሲያቅተው ደም ውስጥ የሚከማቸው ቆሻሻ፣ ወጥቶ ነበር።

ይህ በሽታ ኤችዩኤስ ይባላል። ስዊዘርላንዳዊው ኮንራድ ጋሰር በ1955 ገልጾታል። የሚመጣው ተቅማጡ ከጀመረ ከቀናት በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ እናት «ተሻለው» ስትል። ተቅማጡ ሲያቆም ልጁ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይቀንሳል። የደም ተቅማጥ የነበረው ልጅ በሳምንቱ ከገረጣና ሽንቱ ካነሰ አትጠብቁ።

በ2011 ሰሜን ጀርመን ውስጥ ይኸው ሆነ፤ ግን በአብዛኛው በአዋቂዎች ላይ። ወደ 3,800 ሰው ታመመ። ከ800 በላዩ ኩላሊቱ ድረስ ደረሰበት። ከ50 በላይ ሞቱ። መጀመሪያ የስፔን ኪያር ነው ተባለ፤ ገበሬዎቹም ያለ ጥፋታቸው ከሰሩ። በመጨረሻ የተደረሰበት ምን ላይ መሰላችሁ? አብሽ ላይ። ከግብፅ የመጣ የአብሽ ዘር። እኛ ቆልተን የምንፈጨውን እነሱ አብቅለው ቡቃያውን ጥሬውን ሰላጣ ላይ ነስንሰው ነው የሚበሉት። ቡቃያ የሚበቅለው በእርጥበትና በሙቀት ነው፤ ለባክቴሪያም የሚመቸው ያው ነው። እንደ ፋሽን ቤት ውስጥ ቡቃያ ማብቀል የጀመራችሁ ካላችሁ አብስሉት።

ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሁለቱም ከዚያች ጥያቄ ጋር የተያያዙ ናቸው። አንደኛ፣ ኤችዩኤስ ላይ ፕላትሌት ወርዷል ተብሎ ፕላትሌት ዝም ብሎ አይሰጥም። የሄደበትን እናውቃለን፤ ስሮቹን እየዘጋ ነው። የምትጨምሩትም እዚያው እንዳይሄድ ይፈራል። ካልደማ ወይም ቀዶ ሕክምና ካላስፈለገ ሐኪሞች ይቆጠባሉ። ሁለተኛ፣ ለሺጌላ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፤ ትክክልም ነው። ሺጋ ቶክሲን ለሚሠራው ኢ. ኮላይ ግን አንዳንድ አንቲባዮቲክ መርዙ ይበልጥ እንዲለቀቅ ሊያደርግ ስለሚችል ሐኪሞች ይጠነቀቃሉ። ከመስኮት ሆኖ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ለዚህ ነው የልጅን የደም ተቅማጥ ከፋርማሲ በተገዛ ክኒን አታክሙ የምለው። ተቅማጥ የሚያደርቅ መድኃኒትማ ጭራሽ፤ መርዙን አንጀት ውስጥ ያቆየዋል።

ልጁ የኩላሊት እጥበት ወደሚሰጥበት ቦታ ተላከ። እኛ ጋ ማሽኑ አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቱ ይዛው ለክትትል መጣች። ያቺኑ ሐምራዊ ቱቦ ተቀበልኩ። ማሽኑ 210,000 አለ። ኤችዩኤስ ሲለቅ ቀድሞ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ የፕላትሌት መመለስ ነው። ማሽኑን አምኜ መተው እችል ነበር። ግን ስላይድ ሠራሁ። ቀዮቹ ክብ ናቸው። በመሃላቸው ፕላትሌቶቹ አሉ፤ አንዳንዶቹ ትልልቅ፣ ከሌሎቹ የሚሰፉ። መቅኔው ገና የለቀቃቸው እንደዚያ ናቸው።

«እናት፣ ይምጡ» አልኳት። ማይክሮስኮፑን ዝቅ አደረግሁላት። ከቀይ ሕዋሳቱ መሃል ያሉትን ሐምራዊ ነጠብጣቦች አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ልጁን ከመሬት አንስታ «ና እይ፣ ተመልሰዋል» አለችው።